ቅርብና ሩቅ በአንድ ቃል
በሰው አገር ቋንቋ ስለ መለማመድ

የሰው ልጅ ከሌላው ሰው ያለ ዋጋ ከሚቀበላቸው ስጦታዎች አንዱ ቋንቋ ነው። እናት ለልጇ ቃል ስታስተምር ደመወዝ አትጠይቅም፤ ጎረቤትም የሕፃኑን ኮልታፋ አነጋገር ሲያቃና ውለታ አይቆጥርም። በዕድሜ የበሰለ ሰው ወደ ሌላ አገር ሄዶ የዚያን አገር ቋንቋ ሊማር ሲነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ አገር እርሱን አፍ የማስፈታት ግዴታ ያለበት ሰው የለም። መንገደኛው ወደ ጉዳዩ ይቸኩላል፤ ነጋዴዋ ገበያዋን ትጠብቃለች፤ ሾፌሩ የዕለት ገቢውን ያሰላል። ስለዚህም ቋንቋ ተማሪው እንግዳ የእነዚህን ሰዎች ጊዜና ትዕግሥት ለልምምዱ የመጠቀም መብት አለውን? ካለውስ ወሰኑ የት ላይ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ታይላንድ ጥሩ መመርመሪያ ናት። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዕድሜው 50 ዓመት ከሞላ በኋላ ለጡረታ ብሎ በአገሪቱ የሚቀመጥ የውጭ ሰው ብዙ ነው። በባንኮክና በባሕር ዳርቻ ከተሞች በእንግሊዝኛ ብቻ እየተረዱ ዓመታትን ማሳለፍ ይቻላል። የአገሩን ቋንቋ ለመናገር የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ልምምዱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ፍለጋውም ወደ ሌሎች ሰዎች ደጃፍ ይወስደዋል።

ሰው የሚያስፈልገው በቋንቋው ጠባይ የተነሣ ነው። መደበኛው የታይ ቋንቋ አምስት ቃናዎች አሉት። «ካው» የሚለው ድምፅ ከላይ ጀምሮ ሲወድቅ ሩዝ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲነገር ዜና ይሆናል፤ ከታች ተነሥቶ ሲወጣ ደግሞ ነጭ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው «ግላይ» ነው፤ በመካከለኛ ቃና ሲነገር ሩቅ፣ በሚወድቅ ቃና ሲነገር ቅርብ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። «ገና» የሚለው ቃል መጨረሻው ሲላላ ያልደረሰን ጊዜ፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። 44 ተነባቢዎች ያሉት የታይ ፊደል ቃናን የሚያሳውቅበት ሥርዓት አለው፤ ነገር ግን ምልክትን በዓይን መለየትና ቃናን ከጉሮሮ ማውጣት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በቅጂ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ መድገም ይረዳል፤ ሆኖም «ሩቅ ነው» ሊል ፈልጎ «ቅርብ ነው» ያለውን ሰው የሚያርመው በመንገዱ ላይ የቆመ፣ የሚገረምና መልሶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ገበያው እንደ መማሪያ ክፍል

ብዙ መምህራንና የመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት ምክር ይታወቃል፦ ወደ ገበያ ውጣ፣ ከምግብ ሻጮች ጋር ተነጋገር፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ከለበሱት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች ጋር ተጫወት። ምክሩ ከንቱ አይደለም። የታይ ሰዎች የማያውቁትን ሰው ሳይቀር በዝምድና ስም ይጠራሉ። በዕድሜ ጥቂት የሚበልጠው «ፒ»፣ የሚያንሰው «ኖንግ» ይባላል፤ በወላጅ ዕድሜ የሚገኘው ወይም ከዚያ በላይ የሆነው «ሉንግ» ወይም «ፓ» ይባላል፤ አጎት፣ አክስት እንደ ማለት ነው። ጋሼና እትዬ እያለ ያደገ ሰው በዚህ ሥርዓት ቤተኛነት ይሰማዋል። ሰላምታቸውም «ሩዝ በላህ ወይ?» የሚል ነውና ወሬ ለመጀመር በሩ ክፍት ይመስላል።

አሁን አንድ ሁኔታ ይታሰብ። ሰዓቱ ቀትር ነው፤ አንዲት ሴት በመንገድ ዳር የፓፓያ ሰላጣ እየወቀጠች ትሸጣለች፤ አንድ የውጭ ሰው በፊቷ ቆሞ የእያንዳንዱን ቅመም ስም ይጠይቃል። ስሙን ይደግመዋል፤ ቃናው ይሳሳታል፤ እንደገና ይጠይቃል። ከበስተኋላው የምሳ እረፍታቸው እያለቀባቸው ያሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ሻጯ ፈገግ ብላ ትመልስለታለች። ተማሪው ፈገግታዋን እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል፤ በማግስቱም ይመለሳል።

የፈገግታው ትርጉም ግን አንድ ብቻ አይደለም። በታይ ቋንቋ «ክሬንግ ጃይ» የሚባል ነገር አለ፤ «ጃይ» ልብ ነው፤ «ክሬንግ» ደግሞ በአክብሮት መፍራት ነው። ሰውን ላለማስቸገርና ላለማሳፈር ሲባል የራስን ስሜት መያዝ ማለት ነው። አማርኛ «ይሉኝታ» የሚል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ልዩነታቸውን ግን ማስተዋል ይገባል። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ከሚል ሥጋት ይነሣል፤ ዓይኑም ወደ ራስ ስም ያያል። ክሬንግ ጃይ በይበልጥ «ያ ሰው ምን ይሰማዋል» ወደሚለው ያደላል። ከሁለቱም የሚገኘው ውጤት ግን አንድ ነው፦ «በቃህ፣ ሥራ አስፈታኸኝ» የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚኖር እንግዳ ተቃውሞ አልሰማሁም በማለት ብቻ ራሱን ነጻ ሊያወጣ አይችልም። ተቃውሞ እንዳይነገር የሚያደርገውን ጨዋነት መማር የቋንቋው ትምህርት ክፍል ነውና።

«ብቻ» የምትለዋ ቃል

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ስለ ሥነ ምግባር መሠረት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በራሱም ሆነ በሌላው ዘንድ ያለውን ሰብአዊነት እንደ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ዘወትር እንደ ግብ ሊያየው እንደሚገባ አስተምሯል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ክብደት ያላት «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። ሰው በሰው መጠቀሙ አይቀርም፤ ገዢ በሻጭ፣ ተሳፋሪ በሾፌር ይጠቀማል። ችግሩ የሚጀምረው ሻጯ ሻጭ መሆኗ፣ ሥራዋና ድካሟ ከተማሪው ዓይን ጠፍቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ የቃና ማረሚያ ስትሆን ነው። ሰላጣውን የሚገዛ፣ ሰልፉ ሲረዝም ዘወር የሚል፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚጠይቅና መልሱን ለቃሉ ብቻ ሳይሆን ለነገሩ ሲል የሚያዳምጥ ሰው ያንኑ ቃል ይማራል፤ ሻጯን ግን አልተጠቀመባትም።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ጉዳይ አለ። በባንኮክ እንግዳው በታይ ቋንቋ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመለስለታል። ተማሪው ቅር ይለዋል፤ ልምምዱን የነጠቁት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ያ በእንግሊዝኛ የመለሰው ወጣት አስተናጋጅም ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ቢሻሻል የተሻለ ሥራ ሊያገኝበት ይችል ይሆናል። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ የማን ፍላጎት ይቅደም? እንግዳው ቋንቋውን የሚማረው ለኑሮው ምቾት ወይም ለፍቅሩ ከሆነ፣ አስተናጋጁ ደግሞ ለእንጀራው ከሆነ፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

መፍትሔው ያለው ስምምነቱን ግልጽ በማድረግ ነው። በቺያንግ ማይ ከተማ እንደ ዋት ቼዲ ሉዋንግ ባሉ ገዳማት መነኮሳትና ወጣት ረድኦች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከውጭ ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ። መነኮሳቱ እንግሊዝኛቸውን ይለማመዳሉ፤ እንግዳው ስለ ቡድሃ ትምህርትና ስለ ገዳም ኑሮ ይጠይቃል። ማንም ማንንም አያታልልም፤ የሚሰጠውና የሚወሰደው በጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ ሰዓት በዚህኛው፣ አንድ ሰዓት በዚያኛው ቋንቋ ተባብለው የሚገናኙ ጓደኛሞችም፣ ደመወዝ የሚከፈለው አስተማሪም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። የተማሪው ክፍያ ገንዘብ፣ ቋንቋ ወይም ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር መክፈል እንዳለበት ማወቁ ነው።

የማን ቋንቋ?

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ነገር ግን አገሩ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ከሞተር ብስክሌት ነጂዎቹ ብዙዎቹ ኢሳን ከሚባለው ከሰሜን ምሥራቁ ክፍል የመጡ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ለላኦ ቋንቋ በቀረበ አነጋገር ነው። መደበኛውን የታይ ቋንቋ እነርሱም በትምህርት ቤትና በከተማ ኑሮ የተማሩት ነው። በሰሜን ሰዎች ካም ሙዋንግ የሚሉትን ይናገራሉ፤ በደቡብ ጫፍ በፓታኒ አካባቢ ማላይኛ የአፍ መፍቻ ነው። እንግዳው «ትክክለኛውን ታይ» ካልሰማሁ ብሎ የነጂውን የትውልድ አነጋገር ቢንቅ ያ ሰው ለዓመታት ሲሸከመው የኖረውን ንቀት ሳያውቅ ይደግምበታል።

ከሁሉ የከበደው ንጽጽር ግን ሌላ ነው። ከባንኮክ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በሳሙት ሳኮን ክፍለ ሀገር ከማያንማር የመጡ እጅግ ብዙ ሠራተኞች የባሕር ምግብ በሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ይሠራሉ። እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን «የሚለማመዱበት መንገድ» አይፈልጉም፤ ልምምዱ ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል። የአለቃን ትእዛዝ፣ የፖሊስን ጥያቄ፣ የሐኪምን ምክር በጊዜ ያልተረዳ ሠራተኛ የሚከፍለው ዋጋ ከኀፍረት ይበልጣል። ምዕራባዊው ጡረተኛ ሁለት ቃል አስተካክሎ ሲናገር «ፑት ታይ ኬንግ»፣ ጎበዝ ነህ፣ ተብሎ ይሞገሳል፤ ሙሉ ቀን በቋንቋው የሚሠራው ስደተኛ ግን በአንድ ቃና መሳት «አይጠራለትም» ሊባል ይችላል። የተናገሩት ቋንቋ አንድ ነው፤ የተመዘኑበት ሚዛን ግን ሁለት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆሙም አሉ። ለሕክምና ወደ ባንኮክ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን በአንዳንድ የግል ሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ ያገኛሉ፤ አስታማሚው ግን ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ ብቻውን ነው። ጾመኛ ከሆነ «ጄ» የምትለዋን ቃል ፈጥኖ ይማራል፤ ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ማለት ነውና። ይህ ሰው በአንዲት ቃል የሚፈልገው ልምምድ አይደለም፤ ምሳ ነው። ሻጯም የተሳሳተውን ቃና አልፋ ሐሳቡን ትረዳለች። ከሁሉ የተሻለው የቋንቋ ትምህርት ቃሉ የሚያስፈልግበት፣ ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ማዳመጥ እንደ ክፍያ

በባንኮክ የኖረው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ማርቪን ብራውን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግዳ የሆነ የማስተማር ዘዴ ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቹ ለብዙ ሰዓታት፣ እንዲያውም ለወራት፣ መምህራን በታይ ቋንቋ ሲጫወቱ፣ ሲያወሩና ሲተርኩ እንዲሰሙ እንጂ እንዲናገሩ አይበረታቱም ነበር። ሕፃን ከመናገሩ በፊት እንደሚያዳምጥ ሁሉ ትልቅም ሰው ቢያዳምጥ ንግግሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል የሚል እምነት ነበረው። ዘዴው ለሁሉም ይሠራል አይሠራም የሚለው ለቋንቋ ምሁራን ክርክር የሚተው ነው። የሥነ ምግባር ትምህርቱ ግን ከክርክሩ በላይ ነው፤ የሰውን ቋንቋ ከመጠየቅ በፊት ሰውየውን ማዳመጥ ይቀድማል። የሚያዳምጥ ሰው ለሌላው ጊዜውን ይሰጣል እንጂ አይወስድበትም።

ይህ ማለት ግን «ሰው ላለማስቸገር» በሚል ሰበብ አፍን ዘግቶ መኖር ይሻላል ማለት አይደለም። ዐሥር ዓመት በአንድ አገር ኖሮ የጎረቤቱን ሐዘንና ደስታ በአስተርጓሚ ብቻ የሚሰማ ሰው ማንንም አላስቸገረ ይሆናል፤ ነገር ግን ለማንም ጎረቤት አልሆነም። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ከተባለ መድኃኒቱ የሚተላለፍበት ዕቃ ቋንቋ ነው። እንግዲያው ልምምዱን የሚኮንን ሳይሆን የሚያቃና አንድ መጠይቅ ያስፈልጋል፦ ይህ ሰው ነገ ቋንቋውን አጥርቶ ቢያውቅ ያችን ሻጭ ሰላም ብሎ ያልፋልን? ወይስ ትምህርቱ ሲያልቅ ወዳጅነቱም ያልቃል?

ጥያቄው ከቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር ተሻግሮ ወደዚህም ይመጣል። በናይሮቢ ገበያ ኪስዋሂሊ የሚሰባብር ኢትዮጵያዊ የተማሪውን ቦታ ያውቀዋል፤ የሻጩ ትዕግሥት ምን ያህል ውድ እንደሆነም ቀምሶታል። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ የሚቆመው በሻጯ ቦታ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ነጭ «እንደምን አደርክ» ሲል ይጨበጨብለታል፤ አፉን በሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ የፈታ ወገን ግን አንዲት «ጰ» ወይም አንዲት ጥብቀት ስትሳትበት ይሳቅበታል፤ አነጋገሩም ለቀልድ ይመሰላል። የመጀመሪያው ቋንቋውን ሊጎበኝ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ሊሠራበት፣ ሊከራከርበት፣ ሊዳኝበት የግድ የሆነበት ነው። ትዕግሥት የሚገባው ይበልጡን ለማን እንደሆነ ለመፍረድ ታይላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ሰው ሲናገር ሳይስቁ እስኪጨርስ ማዳመጥ ይበቃል።