የሹም ስጦታና የሙስሊም ምላስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የባለሥልጣናት ቅሌት በተሰማ ቁጥር በመካከላችን ሁለት ድምፆች ይነሣሉ። አንደኛው «ተዉት፤ የሹም ነገር ምናችን ነው? ስለ ሰው ማውራት ሐሜት ነው፤ ሐሜት ደግሞ ሐራም ነው» ይላል። ሁለተኛው «ሁሉም ያው ሌባ ነው፤ ማስረጃ ምን ያደርጋል?» ይላል። ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሰላት በኋላ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰማኋቸው። የመጀመሪያውን የተናገሩት በዕድሜ የገፉ ሐጂ ሲሆኑ፣ ሁለተኛውን የተናገረው ስልኩን እያገላበጠ ዜና የሚያነብ ወጣት ነው። ሐጂም ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ጋዜጠኛው፣ ምን ትላለህ ልጄ?» አሉኝ። መልሱ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያልቅ አልነበረምና በዚህ አምድ ላቀርበው ወደድሁ።

ነገሩን በጥቅል ከማውራት አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዘን ብንመረምረው ይሻላል። የመረጥሁት የማሌዢያውን ነው። ሀገሩ ብዙኃኑ ሙስሊም የሆነበት ነው፤ ገንዘቡ የሐጅ ተጓዦችን ቁጠባ ሳይቀር የነካ ነው፤ ጉዳዩም ከሐሜት ተነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ውሳኔ የደረሰ በመሆኑ ወሬውን ከእውነቱ ለመለየት ያመቻል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማሌዢያው ጉዳይ

ናጂብ ራዛቅ በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ የገንዘብ ሚኒስትርነቱንም ደርበው ያዙ። በዚያው ዓመት «ዋን ኤም ዲ ቢ» የተባለ የመንግሥት የልማት ፈንድ ተቋቋመ፤ የአማካሪ ቦርዱም ሰብሳቢ እርሳቸው ነበሩ። ፈንዱ በመንግሥት ስም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተበደረ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ኋላ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈንዱ ተመዝብሮ ለመርከብ፣ ለቅንጡ ቤቶች፣ ለሥዕሎችና ለጌጣጌጥ ውሏል ብሏል።

በሐምሌ 2015 ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በጠቅላይ ሚኒስትሩ የግል የባንክ ሒሳብ መግባቱ በጋዜጣ ተጻፈ። በዚያው ወር ጥያቄ ያነሡት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ከሥልጣን ተነሡ፤ ዋናው ዐቃቤ ሕግም ተነሡ፤ ጉዳዩን ይከታተሉ የነበሩ ጋዜጦች ለሦስት ወር እንዳይታተሙ ታገዱ። በጥር 2016 አዲሱ ዐቃቤ ሕግ 681 ሚሊዮኑ ዶላር ከሳዑዲ ንጉሣውያን ቤተሰብ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የተሰጠ የግል ስጦታ ነው፣ ወንጀል የለበትም ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ሕዝቡ ግን መዝገቡን አልዘጋም። በግንቦት 2018 በተደረገው ምርጫ ሀገሪቱ በ1957 ነፃ ከወጣች ጀምሮ የገዛው የፓርቲዎች ኅብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። በሐምሌ 2020 ፍርድ ቤት የፈንዱ ቅርንጫፍ ከነበረው ኤስ.አር.ሲ. ከተባለ ኩባንያ በተወሰደ 42 ሚሊዮን ሪንጊት ናጂብን ጥፋተኛ ብሎ 12 ዓመት እስራትና 210 ሚሊዮን ሪንጊት መቀጮ ፈረደባቸው። ገንዘቡ የዐረብ ስጦታ መስሎኝ ነበር ያሉትንም መከላከያ አልተቀበለውም። ይግባኛቸው ሁሉ ውድቅ ሆኖ በነሐሴ 2022 ወኅኒ ወረዱ። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ በዋናው የፈንዱ ጉዳይ በ25 ክሶች ጥፋተኛ ተብለው 15 ዓመት ተፈረደባቸው።

«ስጦታ ነው» የሚለው መልስ

ውድ አንባቢያን፣ «ስጦታ ነው» የሚለው መልስ አዲስ አይደለም። ከ14 መቶ ዓመታት በፊት በመዲና ተሰምቶ መልስ አግኝቷል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሑመይድ አስ-ሳዒዲ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያህ የሚባል ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሰውየውም ሲመለስ ያመጣውን ከሁለት ከፍሎ፣ ግማሹ የእናንተ ነው፣ ግማሹ ግን ለእኔ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም በእናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታውን ማን ሰጠው፣ በምን ስሜት ሰጠው ብለው አልመረመሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሩ ባይኖር ስጦታው ይመጣ ነበርን? ይህ ጥያቄ ለኩዋላ ላምፑር ቤተ መንግሥትም፣ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤትም፣ ለጉምሩክ መጋዘንም እኩል ይሠራል። ሰጪው ንጉሥ ይሁን ነጋዴ፣ ገንዘቡ በሻንጣ ይምጣ በባንክ፣ ሚዛኑ አይለወጥም።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ከአነጋገራቸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን በጓዳ አላስቀሩትም። ሚንበር ላይ ወጥተው ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ከሕዝብ ገንዘብ ያለ አግባብ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ግመሉን፣ ላሙን ወይም በጉን በአንገቱ ተሸክሞ እንደሚመጣ አስጠነቀቁ። በሚንበሩ ላይ ግን ሥራውን እንጂ የሰውየውን ስም አልጠሩም። ለራሱ ፊት ለፊት ነገሩት፤ ለሕዝቡ ደግሞ ሕጉን ነገሩ። ስለ ሹማምንት ለመናገር ለምንፈልግ ሁሉ አደቡ ከዚህ ይጀምራል። የሕዝብ ገንዘብ በሕዝብ ፊት ይወራል፤ ዓላማው ግን ሰውን ማዋረድ ሳይሆን አማናን ማስመለስ ነው።

መጠየቅ ሐሜት ነውን?

ለሐጂ የምመልሰው ይህን ነው። ሐሜት ሐራም መሆኑ አያከራክርም፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት (49፡12) የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር አመሳስሎታል። ሆኖም ኢማም አን-ነወዊይ (ረሒመሁላህ) በሪያዱ-ሷሊሒን ከሐሜት ውጪ የሆኑ ስድስት ሁኔታዎችን ዘርዝረዋል። ከእነዚህም ውስጥ የተበደለ ሰው አቤቱታ፣ መጥፎን ለማስወገድ እርዳታ መጠየቅና ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ይገኙባቸዋል። ሹመቱን በአግባቡ የማይወጣን ሰው ጉዳይ ከበላዩ ላለው ማሳወቅንም በዚሁ ውስጥ ቆጥረውታል።

ስለዚህ የሹሙን የቤት ገመና ማውራት ሐሜት ነው፤ በእጁ ስላለው የሕዝብ ገንዘብ መጠየቅ ግን ምስክርነት ነው። ማሌዢያ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ተቋም ለኤስ.አር.ሲ. 4 ቢሊዮን ሪንጊት አበድሮ ነበር። ያ ገንዘብ የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛው የእርጅና ምርኩዝ ነው። ባለቤቱ ገንዘቤ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ «አትማ» ሊባል አይችልም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በማሌዢያ «ታቡንግ ሐጂ» የሚባል፣ ሙስሊሙ ለሐጅ ጉዞው በጥቂት በጥቂቱ የሚቆጥብበት ተቋም አለ። ይህ ተቋም በ2015 ዋን ኤም ዲ ቢ ከመንግሥት በርካሽ አግኝቶት ከነበረው መሬት ላይ ቁራሹን በ188.5 ሚሊዮን ሪንጊት ገዛ። ይህም የታወቀው ተቋሙ ራሱ ተናግሮ ሳይሆን ደብዳቤ አፈትልኮ ነው። ቆጣቢዎቹ በተቆጡ ጊዜ መሬቱ እንዲሸጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መከሩ። በሌላ በኩል የዚያው ፈንድ ፋውንዴሽን ኢማሞችንና የመንደር ሹሞችን በነፃ ሐጅ ይልክ ነበር። የሄዱት ወንድሞች የገንዘቡን ምንጭ አያውቁምና በክፉ አንጠረጥራቸውም። ነገር ግን ሐጅ ያስደረገውን ሰው በሚንበር ላይ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ ለመገመት ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። የአላህን ቤት ስም ያነገበ ስጦታም ቢሆን ምላስን ሊያስር ይችላል።

ያልተጣራ ወሬ

ለወጣቱ ደግሞ የምለው አለኝ። ሁሉም ሌባ ነው ማለት ለሌባው ትልቅ ውለታ ነው። ሁሉም ሌባ ከሆነ የሰረቀውና ያልሰረቀው አንድ ሆኑ፤ ንጹሑም ንጽሕናው አልጠቀመውም ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሑጁራት (49፡6) አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት እንድናጣራ አዞናል። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ በተነዛው ውሸት መዲና አንድ ወር ያህል ስትታመስ፣ ብዙዎቹ ወሬውን የፈጠሩ ሳይሆኑ የተቀባበሉ ነበሩ። ሱረቱ-ኑር (24፡15) የወቀሰው ይህንኑ ነው፤ በምላስ መቀባበሉን ቀላል ነገር አድርገው ቆጠሩት፣ እርሱ ግን አላህ ዘንድ ከባድ ነበር። ዛሬ መቀባበያው ምላስ ብቻ አይደለም፤ የአውራ ጣት ንክኪም ተጨምሯል።

ከማሌዢያው ጉዳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከምርጫው በኋላ ፖሊስ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ግንኙነት ካላቸው ቤቶች 567 የእጅ ቦርሳዎችን፣ ጌጣጌጥና ብዙ ጥሬ ገንዘብ ያዘ። ጥሬ ገንዘቡ የተሰረቀው ነው ለማለት ማን ይጠራጠራል? ይሁን እንጂ በ2021 ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ግንኙነቱን አላረጋገጠም ብሎ 114 ሚሊዮን ሪንጊት የሚያህለው ለናጂብ ፓርቲ እንዲመለስ ወሰነ። ሰውየው በሌላ መዝገብ ጥፋተኛ መሆናቸው በዚህኛውም ጥፋተኛ አያደርጋቸውም። ፍትሕ ማለት ይህ ነው። ቅሌቱን በመጨረሻ ለፍርድ ያበቃው የቦርሳ ወሬ ሳይሆን የባንክ ሰነድ፣ የፊርማና የቀን ማስረጃ ነው።

ማጣራትም ራሱ የሹም መሣሪያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። በ2018 ምርጫው ሲቃረብ የናጂብ መንግሥት በሐሰተኛ ዜና ላይ እስከ ስድስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። ቀደም ብሎም አንድ ምክትል ሚኒስትር ስለ ፈንዱ መንግሥት ያላረጋገጠው ዜና ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብለው ነበር። ቁርኣን አጣሩ ያለው እውነቱ እንዲወጣ ነው። ተጠርጣሪው ራሱ አጣሪ ከሆነ ግን ትእዛዙ ተገልብጧል።

«የእኛ ሰው ነው»

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ይህ ይመስለኛል። ናጂብ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ2019 ደጋፊዎቻቸው «አለቃዬ፣ ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?» የሚል መፈክር ይዘው ወጡ፤ በየከተማውም በሆታ ተቀበሏቸው። ብዙዎች የሚከራከሩት አልወሰዱም ብለው ሳይሆን የእኛ ወገን፣ የእኛ ጠበቃ ናቸው ብለው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐፍረት የሌለው ሰው የፈለገውን እንደሚሠራ ከቀደሙት ነቢያት የተወረሰ ንግግር መኖሩን ነግረውናል። ሐፍረት ከአንድ ሹም ቢጠፋ ጉዳቱ የአንድ ሰው ነው፤ ከደጋፊዎቹ ሲጠፋ ግን ሀገር ይጎዳል።

ከመኽዙም ጎሣ የሆነች ባለ ክብር ሴት በሰረቀች ጊዜ ቁረይሾች ኡሳማን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት የጠፉት ታላቁ ሲሰርቅ እየተዉ ደካማው ሲሰርቅ እየቀጡ ነው አሉ፤ ልጃቸው ፋጢማም ብትሆን ሕጉ እንደማይለወጥ ተናገሩ። በጥር 2024 የማሌዢያ የምሕረት ቦርድ የናጂብን 12 ዓመት ወደ ስድስት፣ 210 ሚሊዮኑን መቀጮ ወደ 50 ሚሊዮን ዝቅ አደረገ። ምሕረት በሀገሩ ሕግ የተፈቀደ ነው። ግን ዳቦ ሰርቆ የታሰረውስ ማን ያማልድለታል ብሎ መጠየቅ ከሐዲሱ የተማርነው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ኒሳእ (4፡135) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይም ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር አዘዘን። በማኢዳ (5፡8) ደግሞ የሕዝቦች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን አስጠነቀቀን። ሁለቱ አንቀጾች አንድ ሚዛን ናቸው፤ አንደኛው የምንወደውን እንዳንሸሽግ፣ ሁለተኛው የምንጠላውን እንዳንበድል ይይዘናል። የሌላው ወገን ሹም ሲሰርቅ ማስረጃ የማይጠይቅ፣ የራሱ ወገን ሲሰርቅ ግን ሺህ ማስረጃ የማይበቃው ሰው ስለ ፍትሕ እያወራ አይደለም፤ ስለ ዘር ወይም ስለ ፓርቲ ነው የሚያወራው።

በመጨረሻም ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። የመስጂድ ኮሚቴ፣ የእድርና የእቁብ ገንዘብ የያዘ ሁሉ በልኩ ሹም ነው። ሒሳብ ሲጠየቅ «አታምኑኝምን?» ብሎ የሚቆጣ ገንዘብ ያዥ በመካከላችን ካለ፣ እኛም አፍረን ዝም ካልን፣ ስለ ሚኒስትሮች የምናወራው ፍሬ የለውም። መጠየቅን በእድራችን ያልተለማመደ ሕዝብ በቤተ መንግሥት ደጅ ሊጠይቅ አይችልም። ወንድሜ የእድራችሁን የሒሳብ መዝገብ በዚህ ወር እንዲነበብ ጠይቅ። እህቴ በደረሰሽ ወሬ ላይ ማን አየ፣ ሰነዱ የት አለ ብለሽ ሳትጠይቂ አታስተላልፊ። አዎንታዊ መልስ ካገኛችሁ ለመናገር አትፍሩ፤ ካላገኛችሁ ዝም ለማለት አትፈሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንን ከሐሜትም ከፍርሃትም ይጠብቅልን። የሕዝብን አማና ለያዙት ሁሉ ሐፍረትንና ፍርሃተ አላህን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።