የሻጭ ቃልና የገዢ እምነት

ሰው የሚገዛውን ነገር ሁሉ መርምሮ አይገዛም፤ ከዓይኑ የተሰወረውን በሻጩ ቃል አምኖ ይቀበላል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ገዢው ሊያረጋግጠው በማይችለው ነገር የሻጩ ዕዳ ምን ያህል ነው? ምሳሌውን ሩቅ ሳንሄድ ከከብት ገበያ እንወስዳለን።

በዓል ሲቀርብ በአዲስ አበባ የከብት ገበያ «የቦረና ሰንጋ ነው፤ ከሣር በቀር አልቀመሰም» ሲባል ይሰማል፤ ስሙ ዋጋ አለውና። ይህን ዋጋ ያስገኘው ግን የነጋዴው ምላስ ሳይሆን የከብት አርቢው ድካም ነው። የቦረና ምድር ዝናሙ ጥቂት ስለ ሆነ አርቢው የሚታለቡትን ላሞች በመንደር አጠገብ አስቀርቶ ሌላውን መንጋ ሣር ወደሚገኝበት ሩቅ ስፍራ ይነዳል፤ ለጥጃዎችም የሚሆን ሣር አጥሮ ያቆያል። በበጋ ሰዎች «ኤላ» በሚባለው ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው ውሃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ከብቱም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይጠጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው በቀሩ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ጥበብ አልበቃም፤ ብዙ ቤተ ሰብ መንጋውን አጣ። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘውን ስም ለሌላ በሬ የሚሰጥ ሰው የገዢውን ገንዘብ፣ የአርቢውንም ስም ይወስዳል።

«መልኩንና ሻኛውን አይቶ መለየት ይቻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። መልክ ግን ፍጹም ምስክር አይደለም። ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ እጅ ዳስሶ ባረከ፤ የዳሰሰው ግን የፍየል ጠጕር ነበር። በአሜሪካም በአንገስ ስም ለሚሸጥ ሥጋ በብዙ ደንቦች ዘንድ የከብቱ ቆዳ ከግማሽ በላይ ጥቁር መሆኑ እንደ ምልክት ይቈጠራል፤ ነገር ግን በማዳቀል ጥቁር የሆኑ ሌሎች ዝርያዎችም አሉ። የስብ ቢጫነት የሣር ምልክት ነው ቢባልም፣ የደረቀ የበጋ ሣር ያን ቀለም የሚሰጠውን ነገር አብዛኛውን አጥቷል፤ ያረጀች ላምም ስቧ ቢጫ ሊሆን ይችላል። የዘር ምርመራ ከዚህ ይልቅ የታመነ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 በአውሮፓ የበሬ ተብሎ በተሸጠው ውስጥ የፈረስ ሥጋ መኖሩን የገለጠው እርሱ ነው። ሆኖም የከብቱን ትውልድ ቢናገር የዋለበትን መስክ አይናገርም። ይህን የሚያውቅ ያሳደገው ሰው ነው።

ስለዚህ ማረጋገጫው በደከመበት ስፍራ የሻጩ ዕዳ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ገዢው በማያይበት ቦታ ሻጩ ዓይን ሆኖለታልና። ፋጉሎ አብልቶ ማደለብ ነውር አይደለም፤ ፋጉሎ የበላውን «የሣር ነው» ማለት ግን ሐሰት ነው። ገዢው ራሱ ተሳስቶ «ቦረና ነው» ሲል ዝም ብሎ ዋጋውን መቀበልስ? ይህም ከሐሰት አያመልጥም፤ ሰውዬው ዝምታውን ሸጧልና። ያላወቀውን የተጠየቀ ነጋዴ «እኔም የሰማሁት በአፍ ነው» ቢል ከዋጋው ጥቂት ይጎድልበታል፤ ከእውነቱ ግን ምንም አይጎድልበትም።

እኛ ገዢዎችም ከዕዳ ነፃ አይደለንም። ለማዕዳችን ክብር ስሙን ብቻ ፈልገን፣ «አላውቅም» ያለውን ንጹሕ ሰው ትተን ወደሚምለው ብንሄድ ሐሰትን ያስተማርነው እኛው ነን። እንግዲህ ከማን እንደ ተገዛና ማን እንዳሳደገው እንጠይቅ፤ እውነት ለተናገረውም፣ ከብቱ ስም የሌለው ቢሆን እንኳ፣ የሚገባውን ዋጋ እንክፈል።