የተነጠቀ እንቅልፍና የቁጣ ተጠያቂነት

ግልፍተኛ ሰው ራሱን መግዛት የተሳነው፣ ጠባዩ ያልታረመ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ይሁን እንጂ ራስን መግዛትም እንደ ማንኛውም የአካል ተግባር የሚደክምበትና የሚታደስበት ጊዜ አለው። በአንጎል ሥር የሚገኙ 20,000 ያህል የነርቭ ሴሎች የብርሃንን መምጣትና መሄድ እየተከተሉ የእንቅልፍንና የንቃትን ሰዓት ይመራሉ፤ ይህ ሥርዓት ሲዛባ ስሜትም አብሮ ይታወካል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ይፋ የሆነ አንድ ምርምር 35 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ወጣቶችን አንጎል ፈትሾ ነበር። አስከፊ ሥዕሎች ሲቀርቡላቸው፣ ፍርሃትንና ቁጣን የሚቀሰቅሰው አሚግዳላ የተባለው ክፍል በሚገባ ከተኙት ይልቅ 60 በመቶ ያህል በላቀ ኃይል ተነሣሣ፤ ይህንኑ ከሚገታው የግንባር አንጎል ጋር ያለው ግንኙነትም ላላ። እርግጥ፣ በቤተ ሙከራ ሥዕል ዓይቶ መረበሽ ሰው ከመምታት ጋር አንድ አይደለም።

እንግዲህ ሌሊቱን በጥበቃ ሥራ አሳልፎ ጧት ልጁን የሚመታ አባት ከጥፋት ነጻ ነውን? አይደለም፤ ልጁን ያሳመመው የአባቱ እጅ ነው። ሰካራም ላደረሰው በደል የሚጠየቀው ብርጭቆውን ሲያነሣ ምርጫ ስለ ነበረው ነው። እንቅልፍ ላጣው ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ብርጭቆውን የሚያነሣለት ሌላ ነው፤ ይኸውም ቀንና ሌሊት እያፈራረቀ ያለ በቂ ዕረፍት ተራ የሚያወጣለት አሠሪ ነው። ስብሰባን እስከ እኩለ ሌሊት እያራዘመ በማግሥቱ የባልደረቦቹን ቁጡነት የሚገሥጽ ኃላፊም ከዚሁ ተጠያቂነት ውጭ አይሆንም።