የተሰቀለ መሶብ

እንጀራ መያዝ ያቆመ መሶብ አሁንም መሶብ ነው? በጎንደር አራዳ ሱቆች፣ በሆቴል መግቢያዎች፣ ባሕር ማዶ ባሉ ወገኖቻችን ሳሎንም ያረጀ ስፌት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የሚሰቅለው ሰው እንዳከበረው ያምናል። ለማገልገል የተሠራ ዕቃ ከአገልግሎት ሲወጣ ክብሩ ይጨምራል ወይስ ይጎድላል ብንል፣ እኔ ይጎድላል ባይ ነኝ። የመሶብ ውበት ከጅምሩ ለሌላ ሰው የታሰበ ውበት ነውና።

ስፌቱን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ሰፊዋ ክረምት ሲወጣ የተለቀመውን ስንደዶ እያጠቃለለች ታዞራለች፤ በወስፌ እየወጋች በተሰነጠቀ አክርማ ትጠመጥመዋለች፤ ቀለም የጠጣውን አለላ በየዙሩ እየቆጠረች ታስገባለች። አንድ ቦታ ቆጠራው ከተሳተ ሐረጉ እስከ አፉ ድረስ ተዛንፎ ይወጣል። እንጀራ ለመያዝ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ፤ ያለ አለላ የተሰፋውም እኩል ይይዛል። ትርፍ የሚመስለው ልፋት ትርጉሙ የሚገለጠው መሶቡ ሲቀርብ ነው። እንግዳ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ከእንጀራው አስቀድሞ የሚያየው ክዳኑን ነው፤ መሶቡ ገና ሳይከፈት መከበሩን ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ዕቃን የምታከብረው በዚሁ መንገድ ነው። ለቅዳሴ የተዘጋጀው ኅብስት ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚገባው በመሶበ ወርቅ ነው፤ ቃጭል እየተቃጨለ፣ መሶቡም በጨርቅ ተሸፍኖ። ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ምእመናን አያዩትም፤ ከፊቱ ዘወር ብለው መንገድ የሚለቁት ለያዘው ነገር ነው። እመቤታችን በመሶበ ወርቅ የምትመሰለውም መናውን ስለያዘች ነው።

ከዚሁ ምሳሌ ግን ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 አንድ ጎሞር መና ተለይቶ በእግዚአብሔር ፊት የተቀመጠው ለመብል ሳይሆን የሚመጣው ትውልድ እንዲያየው ነው። እንግዲህ ዕቃን ከአገልግሎት አውጥቶ ለዕይታ ማኖር ምን ነውር አለው? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሐሳቤንም ያጠራዋል። ያ ዕቃ ባዶውን አልተቀመጠም። አባቶች በምድረ በዳ በምን እንደኖሩ ለልጆች ይመሰክር ነበር፤ መመስከርም አገልግሎት ነው። በሙዚየም ያለ ስፌትም የት አገር እንደተሰፋና ምን ይቀርብበት እንደነበር ከተጻፈለት እያገለገለ ነው። ከሶፋው ቀለም ጋር ስለሄደ ብቻ የተሰቀለው ግን ስለማንም አይመሰክርም።

ያረጀ ስፌት እንጀራ ቢደረግበት ይጎዳል የሚልም አለ። እውነት ነው፤ የትኩስ እንጀራ ላቦት ያበሰብሰዋል። ሆኖም አገልግሎት መለወጥና ከአገልግሎት መውጣት ለየቅል ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን የጃፓን የሻይ ሥርዓት ታላቅ መምህር ሴን ኖ ሪክዩ የዓሣ አጥማጅ ቅርጫት አንሥቶ አበባ አኖረበት ይባላል። ቅርጫት ውሃ ስለማይቋጥር ለአበባው የቀርከሃ ቱቦ በውስጡ ይገባለታል። ለቅርጫት ሥራ እጅግ ከሚወደደው ቀርከሃ አንዱ ደግሞ በገበሬ ቤት ጣሪያ ሥር ለብዙ ዘመን የምድጃ ጭስ የጠጣው ነው፤ ጭስ ያጠቆረውን የጎጆ ማገር ለሚያውቅ የኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዓሣ የተሸከመው ቅርጫት አበባ ሲይዝ ሥራው ተለወጠ እንጂ አልቀረም፤ አበባውም ለዚያ ቀን እንግዳ የተቆረጠ ነው። የኛም አሮጌ ሙዳይ ለእንግዳ ቆሎ ቢቀርብበት፣ ለዕንቁጣጣሽ አደይ አበባ ቢኖርበት ምን ይጎድለዋል?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አገልግሎትን ማወደስ የሰፊዋን ስም አልባነት ማወደስ ይሆናል የሚለው ነው። ቤተ መንግሥቱን ያሠሩት የአፄ ፋሲል ስም በሁሉ አፍ ሲጠራ፣ የጎንደርን ስፌት ለዚህ ያበቁት ሴቶች ስም አልተጻፈም። ይህ በደል ነው፤ በትሕትና ስም ሊሸፈን አይገባውም። ነገር ግን ማገልገልና በስም መታወቅ አይጣሉም። እ.ኤ.አ. ከ1815 እስከ 1897 የኖረው ሀያካዋ ሾኮሳይ በጃፓን በሠራቸው ቅርጫቶች ላይ ስሙን በማኖር የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል፤ ቅርጫቶቹም ስም ስላላቸው አበባ መያዝ አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ የጃፓን መንግሥት ሾኖ ሾውንሳይን በቀርከሃ ሥራ የመጀመሪያው ሕያው ብሔራዊ ቅርስ አድርጎ ሰይሞታል። ለቱሪስት መሸጥ ለሰፊዋ እንጀራዋ ስለሆነ ሽያጩን የሚነቅፍ ሰው እኔን አይጥቀስ። የምጠይቀው ነጋዴውን ነው፤ በእያንዳንዱ ስፌት ሥር፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ የሰፋችውን ሴት ስምና መንደር፣ ምን ሊቀርብበት እንደተሰፋም ጽፎ ይሽጥ። ገዥው ቤቱ ወስዶ ቢሰቅለው እንኳ ማንን ከማገልገል እንዳስቀረው ያነብባል።