የሰጋር በቅሎ ዋጋ

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ታክሲውን ትቶ፣ የቢሮ ሥራ ይዞ፣ ለቤተሰቡ መኪና ለመግዛት ሲያወጣና ሲያወርድ አገኘሁት። ከእራት በኋላ ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንደኛው ስለ ቶዮታ ካምሪ፣ ሁለተኛው ስለ ሌክሰስ ኢ.ኤስ. የሚያትት ነበር።

«እንግዲህ ዳኛ ከሩቅ መጥቷል፤ ፍረደን» አለኝ፣ ወደ ባለቤቱ እያየ።

ባለቤቱ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠችው። «ሞተሩ አንድ ነው፤ አጥንቱም አንድ ነው። ልዩነቱ 15 ሺህ ዶላር ነው። ልጃችን በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ትገባለች። እኔ የምለው ይኸው ነው።»

እሱ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «ሃያ ሁለት ዓመት ካምሪ ነድቻለሁ» አለ። «ነገር ግን አንድ ቀን እንኳን የእኔ ሆኖ አያውቅም፤ የተሳፋሪው ነበር። ዛሬም ካምሪ ውስጥ ስገባ እጄ ሳላዘው ወደ ቆጣሪው ይሄዳል። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ያወቀኝ በማጅራቴ ነው። አሁን ፊት እንዲኖረኝ ብፈልግ ኃጢአት ነው?»

በዚያች ምሽት ፍርድ ለመስጠት አልደፈርኩም። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። ጥያቄው ስለ መኪና ይመስላል እንጂ፣ ሰው ለምን ነገር ምን ያህል መክፈል ይገባዋል፣ የሚከፍለውስ ለማን ዓይን ነው የሚል የቆየ ጥያቄ ነው። ዛሬ የዘገየውን ፍርድ እዚህ ላይ ልሞክር።

ለመሆኑ ሁለቱ መኪኖች ምንና ምን ናቸው? «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» ይላል የአገራችን ተረት። የሌክሰስ ኢ.ኤስ. የትውልድ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቶዮታ ሌክሰስ የሚባለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 1989 በዲትሮይት የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁለት መኪኖች ቀረቡ። ኤል.ኤስ. 400 የተባለው ከሥር ከመሠረቱ አዲስ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ኢ.ኤስ. 250 የተባለው ግን ከካምሪ አጥንት ላይ የተነሣ፣ የተሻለ ልብስ ለብሶ አዲስ ስም የወጣለት መኪና ነበር። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ኢ.ኤሶችም ከቶዮታ ቤተ ዘመዶቻቸው ጋር የሥጋ ዝምድናቸውን አላቋረጡም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የጃፓኑ ነገር ነው። በአሜሪካ ሌክሰስ ኢ.ኤስ. 300 እየተባለ የተሸጠው መኪና በተወለደበት አገር ቶዮታ ዊንደም ይባል ነበር። ኤል.ኤስ. 400 ደግሞ እዚያ ስሙ ቶዮታ ሴልሲዮር ነበር። ሌክሰስ የሚባል ስም በጃፓን ገበያ የተከፈተው በ2005 ነው። እንግዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አንዱ መኪና እዚህ የቶዮታ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ደግሞ የሌላ ቤት ጌታ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

ጓደኛዬ ጠረጴዛው ላይ ያኖራቸው ወረቀቶች የ2025 ሞዴሎችን የሚመለከቱ ነበሩ። ካምሪውም ኢ.ኤስ. 300 ኤችም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚያጣምሩ፣ ባለ 2.5 ሊትርና ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። የካምሪው ጉልበት 225 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ የሌክሰሱ 215 ነው። በአንድ ጋሎን ቤንዚን ርካሹ ካምሪ 51 ማይል ሲሄድ፣ ሌክሰሱ 44 ማይል ይሄዳል። የመነሻ ዋጋቸው ግን የአንደኛው 28 ሺህ፣ የሁለተኛው 43 ሺህ ዶላር ግድም ነበር። ብርቱውና ቁጥቡ በርካሽ፣ ደከም ያለውና ጠጪው በውድ መሆኑ ነው።

ታዲያ ገዢው ተሞኝቷል ልንል ነው? ፍርድ ለመስጠት አንቸኩል። ሌክሰሱ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ዘርጋ ያደርጋል። የመንገዱንና የነፋሱን ድምፅ ለማፈን ብዙ ተደክሞበታል። ወንበሩ ለረጅም መንገድ ይመቻል። የፋብሪካው ዋስትና ካምሪው ላይ 3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል ሲሆን፣ ሌክሰሱ ላይ 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው። እነዚህ ተረት አይደሉም፤ በእጅ የሚዳሰሱ፣ በጆሮ የሚሰሙ ነገሮች ናቸው። አባቶቻችንም «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብለዋል። ማማርና መመቸት ዋጋ አላቸው።

እዚህ ላይ የሰጋር በቅሎ ነገር ትዝ ይለኛል። በአያቶቻችን ዘመን ሰጋር በቅሎ የሚፈለገው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው፣ አካሄዱ የማያንገጫግጭ በመሆኑ ሩቅ መንገድ የሚሄደው ሰው ወገቡ አይጎዳም። ሁለተኛው፣ በሰጋር በቅሎ፣ ያውም ባማረ ኮርቻ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ሲታይ እግረኛው መንገድ ይለቃል፣ ያነሰውም ከበቅሎው ይወርዳል። ምቾትና ክብር በአንድ ጀርባ ላይ ተጭነው ይሸጡ ነበር። ገዢው ለየትኛው ስንት እንደከፈለ እሱ ራሱም አያውቀው።

የዛሬውም ነገር ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የሚሰጡት ቀላል ፈተና አለ። «አርማው ቢነቀልና ማንም የማያውቀው መኪና ቢሆን ያንኑ ዋጋ ትከፍላለህን? አዎን ካልክ የምትገዛው ምቾት ነው። አይ ካልክ የምትገዛው የሰው ዓይን ነውና ተወው» ይላሉ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቶርስቲን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት ለጥቅም ሳይሆን ለመታየት መሆኑን ከጻፈ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ወቀሳ የተለመደ ሆኗል።

እኔም ይህን ፈተና ለጓደኛዬ ላቀርብለት አስቤ ነበር። ግን «ያወቀኝ በማጅራቴ ነው» ያለው ቃል አፌን ያዘው። ክብርን መሻት ሁልጊዜ ከንቱነት ነውን? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች እሱ የሌለ ያህል የትዳራቸውን ምሥጢር ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ አንድ ቀን እንደ ሰው ልታይ ቢል እንዴት እንፈርድበታለን?

ለዚህ የሚሆን ሐሳብ ከአዳም ስሚዝ አገኘሁ። ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ ለሰው አስፈላጊ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ሲመረምር የተልባ እግር ሸሚዝን በምሳሌነት አንሥቷል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለዚህ ሸሚዝ ተመችቷቸው ኖረዋል። በስሚዝ ዘመን ግን ራሱን የሚያከብር የቀን ሠራተኛ እንኳን ያለዚያ ሸሚዝ ሰው ፊት መቅረብ ያፍር ነበር። ስለዚህ አስፈላጊ የሚባለው ለሕይወት የግድ የሆነው ብቻ ሳይሆን፣ ያገሩ ልማድ ያለሱ ያሳፍራል ያለውም ጭምር ነው። ሐፍረት እንደ ብርድ ይሰማል ማለት ነው።

ይህ ለጓደኛዬ የሚያደላ ይመስላል። ነገር ግን አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ። ያ ሸሚዝ እንዴት የግድ ሆነ? ንጉሥ አላወጀው፤ አዋጅ ነጋሪ አልጮኸበት። አንዱ ለበሰ፣ ጎረቤቱ አየ፣ ሦስተኛው አፈረ፣ አራተኛው ተበደረ። እያንዳንዱ የለበሰው ራሱን ከሐፍረት ለማዳን ነው። ባዳነ ቁጥር ግን ሐፍረቱን ለሚቀጥለው ሰው አስተላለፈ። እንግዲህ የቅንጦት ዕቃ ነውር በገዢው ኪስ ላይ ያደረሰው ጉዳት አይመስለኝም። ላቡ ነው፤ ያውቅበታል። ነውሩ፣ እስከ ትናንት ድረስ ማንንም የማያሳፍር የነበረውን የጎረቤት ካምሪ ማሳፈሪያ ማድረጉ ነው። የክብርን ዋጋ ያስወድዳል፤ ውዱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ አቅም ያነሰው ነው። ከዚያ በኋላ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይመጣል፤ ለስድስት ዓመት በሚከፈል ዕዳ የአንድ ቀን ሠርግ ላይ መታየት ይገዛል።

«አንድ እኔ ብተው ምን ይለወጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አንድ ሰው ሌክሰስ በመግዛቱ አገር አይፈርስም፤ ባለመግዛቱም አይድንም። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ሊለውጠው የሚችለው ነገር አለ፤ እሱም ገዢነቱ ሳይሆን ተመልካችነቱ ነው። ይህን የተረዳሁት በገዛ ጥፋቴ ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሜሪላንድ ውስጥ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። ከአዳራሹ ደጅ ቆሜ ሳለሁ አንድ የሚያብረቀርቅ ሌክሰስ መጥቶ ቆመ። የወረደውን ሰው አላውቀውም። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩት፤ እንዲያልፍም ቦታ ለቀቅሁ። ከእሱ ቀጥሎ ባረጀ ኮሮላ አንድ አዛውንት መጡ። እጄን ሰጠኋቸው እንጂ ወገቤ አልታጠፈም። ኋላ እንደሰማሁት አዛውንቱ የሙሽራውን አባት በልጅነቱ ያስተማሩ መምህር ነበሩ። መምህር ባይሆኑስ? ማንም ባይሆኑ ጥፋቴ ያው ነበር። ሽበታቸው ሳይታየኝ መኪናቸው ታየኝ።

ያን ቀን ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምንም አላለም፤ ግን አይቷል። እኔ ነኝ እንግዲህ ዳኛው! እሱን 15 ሺህ ዶላር የሚያስከፍለው ቶዮታ አልነበረም፤ ወገቤ ነበር። አዲስ አበባም ብንሄድ ያው ነው። የሆቴሉ ዘበኛ የትኛው መኪና ሲመጣ በሩን ሮጦ እንደሚከፍት፣ ለየትኛው ደግሞ «ወዴት ነው?» እንደሚል ያላየ የለም። ዘበኛው ይህን ከእኛ ነው የተማረው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ለወገብ ዕረፍትና ለጆሮ ጸጥታ የሚከፍል፣ አቅሙም የሚፈቅድለት፣ የልጁን ድርሻ ያልነካ ሰው ይግዛ፤ ሰጋር በቅሎ መውደድ ነውር አይደለም። ለሰው ዓይን የሚከፍል ግን የሚገዛው ነገር እጁ እንደማይገባ ይወቅ። ዓይን ዕቃ አይደለምና ተገዝቶ አይቀመጥም፤ የሚበልጥ መኪና በመጣ ጊዜ ይሄዳል። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለውን ብሂል ብዙ ጊዜ የቁጠባ ምክር አድርገን እንወስደዋለን። የነፃነትም ምክር ይመስለኛል። የቀረነው ተመልካቾች ደግሞ ክብራችንን በነፃ እንስጥ። ሰው ክብርን ከመኪና ሻጭ ሄዶ የሚሸምተው እኛ ደጃፍ ላይ ስላጣው ነው።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ሁለቱንም በሌሊት፣ ራዲዮ ዘግታችሁ፣ ማንም በሌለበት መንገድ ንዷቸው» ብቻ ብዬው ተመለስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለ። ሻጮቹ ሲመሽ እንዲነዱ ፈቅደውላቸው ነበር። «የሌክሰሱ ጸጥታ እውነት ነው፤ አይካድም» አለኝ። «ነገር ግን ከሱ ስወርድ ሳላውቀው ዞር ብዬ ማን እንዳየኝ ፈለግሁ። ማቆሚያው ባዶ ነበር። ባለቤቴ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።»

ካምሪውን ገዙ። ከታክሲው ጋር እንዳይመሳሰል ቀለሙን ራሱ መረጠ። ከሻጩ ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ መሪውን ለልጁ ሰጣትና እሱ ከኋላ ተቀመጠ። በዚያ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በሕይወቱ የመጀመሪያው መሆኑ ነበር። «እጄስ ወዴት ሄደ ትለኛለህ?» አለኝ። «የትም አልሄደም። ጉልበቴ ላይ አርፎ ተቀመጠ።»

እኔም ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ደጃፍ ስቆም የሚመጣውን መኪና ላለማየት እሞክራለሁ። ቀላል አይደለም። ዓይኔ አርባ ዓመት የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም። ወገቤን ግን ለሁሉም እኩል ማጠፍ እችላለሁ፤ ይህ ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።