ሦስት ወር የቆየች እንግዳ

ቅድስት ኤልሳቤጥ በፀነሰች ጊዜ 5 ወር ራሷን ሰውራ ተቀመጠች። ተራራማውን አገር አቋርጣ የጎበኘቻት እንደ እርሷ የፀነሰች እመቤታችን ናት፤ 3 ወር ያህልም አብራት ቆየች።

በየሰፈራችን አረቄ ወይም ጫት ለመተው የምትታገል ነፍሰ ጡርም ትሰወራለች። ከማን? ከእኛ ሐሜት ነዋ! በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በአክሮን ከተማ፣ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርስ እየተነጋገሩ ከመጠጥ ተላቀቁ። ለእርሷም በዚያው መንገድ ያለፈች እናት ታስፈልጋታለች፤ «እኔም እንዲሁ ነበርሁ» የምትላት፣ ጤና ጣቢያም አብራት የምትሄድ። (ብዙ ትጠጣ የነበረች ያለ ሐኪም በድንገት ብታቆም አደጋ አለው።) እንዲህ ያለችው እናት በመካከላችን ትኖር ይሆናል፤ እኛን ፈርታ ግን አፏን አልከፈተችም።