የማይመለስ አደራ

በዳሮ ለቡዋ ከተማ መቻራ አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚያስረክብባቸው መስኮቶች በዝተዋል። ጤና ኬላው የየቤቱን የጤና ሁኔታ በቤተሰብ ማኅደር መዝግቦ ይይዛል። ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የሚመዘገብ ሰው የጣቶቹን አሻራ፣ የዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ይሰጣል። ባንኩና ቴሌብር ደግሞ ብሩ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ያውቃሉ። ታዲያ ሰው ስለ ራሱ የሰጠው ነገር ከሰጠ በኋላ የማን ነው? ብዙ መሥሪያ ቤቶች መዝገቡ በእጃቸው ስላለ ብቻ የነሱ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አደራ ነው እላለሁ፤ ተቀባዩ ሊጠብቀው እንጂ ሊያዝበት አልተሰጠውም።

የከተማዋ ሁለት ሃይማኖቶች፣ እስልምናና ክርስትና፣ ይህን ከየትኛውም የቢሮ መመሪያ አጥብቀው ያውቁታል። ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ሲሰደዱ እርሳቸው ዘንድ የተቀመጠ የሰው ንብረት ነበር። ያስቀመጡትም በእርሳቸው ላይ ግድያ የተዶለተባት የዚያችው ከተማ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም የአጎታቸው ልጅ ዐሊ ወደ ኋላ ቀርተው አማናውን፣ ማለትም አደራውን፣ ለየባለቤቱ እንዲመልሱ አደረጉ። የንስሐ አባትም የሰማውን አያወጣም፤ ተነሳሒው በኋላ ቢበድለው እንኳ ያ ምስጢር መበቀያ አይሆንለትም። ከሁለቱም የምንማረው አደራ በባለቤቱ ጠባይ እንደማይመዘን ነው። ይሁን እንጂ የመረጃ አደራ ከገንዘብ አደራ የሚከብድበት አንድ ነገር አለ፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ብር ይተካል፣ የምስጢር ቁጥርም ይቀየራል። አሻራው የተሰረቀበት ሰው ግን ሌላ ጣት አያበቅልም፤ ኤችአይቪ በደሟ እንዳለ ሠፈር የሰማባት ሴትም ወሬውን ከጎረቤት ጆሮ መልሳ አትወስደውም። ጉዳቱን በኋላ መጠገን ካልተቻለ ጥበቃው መጀመር ያለበት ከመቀበል በፊት ነው። የማያስፈልግን ነገር አለመጠየቅ የመጀመሪያው ጥበቃ ነው።

በመጋቢት 2016 የሆነው ነገር ይህን ሐሳብ ክፉኛ ይፈትነዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ብዙ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና የሒሳብ ቁጥር በድረ ገጹ አወጣ፤ ስማቸውና የአንዳንዶቹ ፎቶ በቅርንጫፎቹ ደጃፍ ተለጠፈ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ማስመለሱ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነበር፤ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ነበሩለት። ፎቶው ግን ለባንኩ የተሰጠው ሒሳብ ለመክፈት ነው፤ ለማሳፈሪያ ሲውል የተሰጠበት ምክንያት ፈረሰ። ሌባ ይህ ይገባዋል የሚል ሰው የመካን ታሪክ መልሶ ያስብ። የተወካዮች ምክር ቤት እንዲህ ያለውን መረጃ የሚጠብቀውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ያጸደቀው በዚያው ወር መጨረሻ ነበር።

በትንሽ ከተማ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፣ ምስጢር የከተሜ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ጎረቤት የሚያውቀው ግን አብሮ ኖሮ፣ አብሮ አዝኖ ነው፤ ይረሳል፣ ያዝናል፣ ይቅርም ይላል። መዝገብ አይረሳም፤ ባለቤቱን አይተው የማያውቁ ሰዎችም ያነቡታል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከሴፍቲኔት ይመጣል። በ1997 በተጀመረው በዚህ የእርዳታ ፕሮግራም የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ይለጠፋልም። ዓላማው የቀበሌ ሹም ዘመዱን እንዳያስገባ፣ የተዘለለም ቅሬታ እንዲያቀርብ ነው። ይህን ዝርዝር ደብቁ ብል የምጠቅመው ሌባውን ሹም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይለጠፍ እላለሁ። ነገር ግን ለቁጥጥሩ የሚበቃው ስሙ ነው። ቤተሰቡን ለእርዳታ ያበቃው ሕመም፣ የአካል ጉዳት ወይም ፍቺ ግድግዳ ላይ የሚወጣበት ምክንያት የለም። የተለጠፈውም የቅሬታው ጊዜ ሲያልቅ መነሣት አለበት።

ለዚህ ሁሉ ጥበቃ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለማኅደሩ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል፣ መዝገቡን ማን መቼ እንደከፈተው የሚያሳይ ፊርማ፣ የባለጉዳይን መታወቂያ በግል ስልክ አንሥቶ በቴሌግራም አለመላክ፤ እነዚህ በመቻራም በዞኑ ከተማ በጭሮም ዛሬ ሊጀመሩ ይችላሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ መረጃ ሲሾልክ ተቋሙ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። ለአዲስ አበባ ደብዳቤ መጻፍ ግን ለአደራው ባለቤት ተነገረ ማለት አይደለም። ማንበብ የማትችል፣ ስልክም የሌላት የዳሮ ለቡ እናት መዝገቧ ከጤና ኬላው ከጠፋ፣ ኃላፊው ሰው ቤቷ ድረስ ሄዶ ምን እንደጠፋና ማን እጅ ሊገባ እንደሚችል በአፋን ኦሮሞ ሊነግራት ይገባል።